የምንዛሪ ተመንን ከምንጩ የሚያመጣ ፕሮግራም አሠራር

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ ቡናና ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ማለዳ ሒሳቡን ከመጀመሩ በፊት የሚያሳስበው ነገር የውጭ አገር ገንዘብ በዕለቱ በስንት ይመነዘራል የሚለው ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። ቀድሞ ተመኑ ቀስ እያለ የሚለወጥና በሁሉም ባንክ ዘንድ ተቀራራቢ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ግን እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ተመን እየወሰነ ያስታውቃል።

በብዙ የንግድ ቤቶች ተመኑን የሚከታተለው የሒሳብ ሠራተኛው ነው። በማለዳ የባንኩን ድረ ገጽ ይከፍታል፤ ቁጥሩን በዓይኑ ያነብባል፤ በኤክሴል መዝገቡ ላይ ይገለብጣል፤ የዕቃውም ዋጋ ከዚያ ተነሥቶ ይሰላል። አንድ ቀን የመሸጫውን ትቶ የመግዣውን ዓምድ ያነብባል፤ ሌላ ቀን ነጥቡን ያለ ቦታው ያኖራል፤ ታሞ በቀረበትም ሳምንት ያለፈው ቁጥር ሳይለወጥ ይቈያል። ነገሩን ክፉ የሚያደርገው ያረጀ ቁጥር ከአዲስ ቁጥር በመልኩ የማይለይ መሆኑ ነው። 40,000 ዶላር ለሚከፍል አስመጪ በአንድ ዶላር ላይ የ1 ብር ከ50 ሳንቲም ስሕተት 60,000 ብር ይሆናል፤ ይህም ጉድለት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዕቃው ተሸጦ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ሥራ ለኮምፒዩተር ማስረከብ ይቻላል። ለዚህም ብዙ ሥዕልና አዝራር ያለበት ፕሮግራም አያስፈልግም፤ በትእዛዝ መስመር የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ይበቃል። የትእዛዝ መስመር የሚባለው ትእዛዙ በፊደል ተጽፎ መልሱም በፊደል የሚመለስበት የኮምፒዩተር ገበታ ነው። ሠራተኛው «ተመን ዶላር የን» ብሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ወደ ምንጩ ሄዶ ቁጥሩን ያመጣና በአንድ መስመር ይመልሳል። (በአንዳንድ አሮጌ ኮምፒዩተር የግዕዝ ፊደል በዚህ ገበታ ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ስለሚታይ፣ በዚያ ላይ ትእዛዙን በላቲን ፊደል መጻፍ ግድ ይሆናል።) መልኩ ድኻ ቢመስልም ጥቅሙ ብዙ ነው። ትእዛዙን በየማለዳው በሁለት ሰዓት ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲፈጽመው ማዘዝ ይቻላል፤ መልሱም በቀጥታ ወደ መዝገብ ሊገባ ይችላል። አዝራር ያለው ፕሮግራም ግን አዝራሩን የሚጫን ሰው ዘወትር ይፈልጋል።

ፕሮግራሙ ቁጥሩን የሚጠይቅበት በር ኤፒአይ ይባላል። ይህ ቃል በባለሙያዎች አፍ ሲነገር ያስፈራል እንጂ፣ ነገሩ የንግድ ሰው ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ውል ነው፤ በዚህ አድራሻ፣ በዚህ ቃል የጠየቀ ሁሉ በዚህ ቅርጽ ይመለስለታል የሚል ውል። ድረ ገጽ ለሰው ዓይን የተዘጋጀ ስለ ሆነ ባለቤቱ ሠንጠረዡን በፈለገ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ያዛውረዋል። ኤፒአይ ግን ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደገፉበት ስለ ሆነ፣ ጠንቃቃ ባለቤት ቅርጹን ያለ ማስታወቂያ አይለውጥም።

ለመማሪያ የሚመች ምንጭ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ይህ ባንክ መቀመጫው በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ሲሆን፣ አንድ ዩሮ በ30 ያህል የሌሎች አገሮች ገንዘብ ስንት እንደሚያወጣ በየሥራ ቀኑ ያስታውቃል። ፋይሉም ያለ ምዝገባና ያለ ክፍያ ይገኛል፤ የዕለቱን ብቻ የያዘ፣ ያለፉትን 90 ቀናት የያዘ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከጃኑዋሪ 4 ቀን 1999 ጀምሮ ያለውን ሁሉ የያዘ አለ። የዕለቱ ፋይል ኤክስኤምኤል በሚባለው ቅርጽ የተጻፈ ነው። በመካከሉ ቀኑን የያዘ መስመር ይገኛል፤ በዚያም ሥር ለእያንዳንዱ ገንዘብ አንድ አንድ መስመር አለ፤ በመስመሩም ላይ የገንዘቡ ባለ ሦስት ፊደል ምልክትና ቁጥሩ ብቻ ተጽፏል።

ተመኑ የሚወጣው በመካከለኛው አውሮፓ አቈጣጠር በ16 ሰዓት ገደማ ነው። ይህም በአዲስ አበባ ሰዓት፣ አውሮፓውያን ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወራት ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በሌላው ወራት 12 ሰዓት ማለት ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ በማለዳ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው ቢበዛ የትናንቱን ነው። ባንኩ ደግሞ ተመኑ ለመረጃ ብቻ የወጣ መሆኑን፣ ለግብይት መጠቀሚያ ማድረግንም እንደማይመክር አስታውቋል፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2016 ጀምሮ የሚወጣበትን ሰዓት ያዘገየውም ይህን ለማጽናት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከቻይናና ከአውሮፓ የቀረበለትን ዋጋ በአንድ ሚዛን ለማነጻጸር ይጠቀምበት እንጂ፣ ባንኩ በዚህ ዋጋ ይመነዝርልኛል ብሎ አይጠብቅ። የኢትዮጵያ ብርም በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ነገሩ ወደ በኋላ ይመጣል።

ፕሮግራሙን ፓይተን በሚባለው ቋንቋ መጻፍ ይቻላል። ይህ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሲሆን፣ ለጀማሪ የማያስቸግርና ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ሁሉ አብሮ የያዘ ነው። ጀማሪ ሲጽፍ ሁሉንም በአንድ ቦታ ይከምራል፤ ፋይሉን ማምጣት፣ ማስላትና ማሳየት በአንድ ገጽ ላይ ይደባለቃሉ። የመጀመሪያውን ቀን ይሠራል። ሁለተኛ ምንጭ የተፈለገ ዕለት ግን ሁሉም መፍረስ አለበት።

ስለዚህ ሥራው ከመጀመሪያው ለሦስት መከፈል አለበት፤ እነርሱም አምጪ፣ አስሊና አሳዪ ሊባሉ ይችላሉ። አምጪው ወደ ውጭ ወጥቶ ፋይሉን ያመጣል፤ ያመጣውንም ፈትቶ ለአስሊው በአንድ በታወቀ ቅርጽ ያስረክባል። አስሊው ስለ ኢንተርኔት አንዳች አያውቅም፤ የሚያውቀው የተረከበውን ብቻ ነው። አሳዪው መልሱን በገበታው ላይ ይጽፋል። የርክክቡም ቅርጽ እንደ ደረሰኝ ነው፤ የትኛው ገንዘብ፣ በየትኛው ገንዘብ፣ ስንት፣ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ምንጭ። ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱ የጐደለው ቁጥር ከአምጪው እጅ ሊወጣ አይገባም፤ አሳዪውም ቀኑንና ምንጩን ሳይጽፍ ቁጥሩን ብቻ ሊያሳይ አይገባም። ከዚህ ትምህርት ሁሉ አንዱን ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር ይህን ይያዝ፤ ያረጀውን ቁጥር ከአዲሱ የሚለየው በአጠገቡ የተጻፈው ቀን ብቻ ነውና።

አስሊው የሚሠራው ስሌት ቀላል ቢሆንም የሚሳሳቱበት ብዙ ናቸው። የማዕከላዊ ባንኩ ቁጥሮች ሁሉ ከዩሮ ጋር የተነጻጸሩ ስለ ሆኑ፣ ዶላርን በየን ለማወቅ ሁለቱን ማካፈል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ተመን በወጣበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 4 ቀን 1999፣ አንድ ዩሮ 1.1789 ዶላር፣ እንዲሁም 133.73 የን ነበረ። 133.73 ለ1.1789 ሲካፈል 113.4363 ይሆናል፤ ይህ የአንድ ዶላር ዋጋ በየን ነው። ሲያበዛ ወይም ገልብጦ ሲያካፍል የተሳሳተ ፕሮግራም በዚህ ምሳሌ ወዲያው ይጋለጣል።

ሌላው ወጥመድ ኮምፒዩተሩ ክፍልፋይ ቁጥርን የሚይዝበት መንገድ ነው። በተለመደው አያያዝ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ መልሱ 0.30000000000000004 ሆኖ ይወጣል፤ ኮምፒዩተሩ በሁለት መደብ ስለሚቈጥር አንድ አሥረኛን በትክክል መጻፍ አይችልምና። ለገንዘብ ሒሳብ ዴሲማል የሚባለው የፓይተን መሣሪያ አለ፤ እርሱም እንደ ሰው በዐሥር መደብ ይቈጥራል። በፋይሉ ውስጥ በጽሑፍ የሰፈረው ቁጥር በቀጥታ ለዴሲማል ይሰጥ፤ አስቀድሞ በተለመደው አያያዝ ካለፈ ስሕተቱን ይዞ ይገባል። ማጠጋጋትም በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረግ።

ከስሌቱ ይልቅ ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው አምጪው ሳይሳካለት ሲቀር የሚያደርገው ነገር ነው። መሥመሩ ሊቋረጥ፣ መብራት ሊጠፋ፣ ምንጩም ሊዘጋ ይችላል። የፓይተን መደበኛ ጠያቂ የጊዜ ገደብ ካልተነገረው መልስ እስኪመጣ ድረስ ያለ ወሰን ሊጠብቅ ስለሚችል፣ ዐሥር ሰከንድ ያህል ገደብ በግልጽ ሊጻፍለት ይገባል። መልሱም ሲመጣ በቁጥር የተጻፈ ምልክት በራሱ ላይ ይዞ ነው፤ 200 ከሆነ ተሳክቷል፤ 404 ከሆነ በዚያ አድራሻ የተጠየቀው አልተገኘም፤ 429 ከሆነ ጠያቂው ከልክ በላይ ደጋግሟል፤ 503 ከሆነ አገልግሎቱ ለጊዜው የለም። በመጨረሻዎቹ በሁለቱ ጥቂት ቈይቶ፣ ከዚያም የበለጠ ቈይቶ እንደገና መጠየቅ ተገቢ ነው። በ404 ግን መደጋገም ከንቱ ነው፤ ሰው አድራሻውን ማየት አለበት።

ሁሉም ተሳክቶ የሚፈለገው ገንዘብ ከፋይሉ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። ማዕከላዊ ባንኩ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የሩሲያን ሩብል ተመን ማውጣት አቁሟል። የክሮኤሽያ ኩና በ2023 መባቻ፣ የቡልጋሪያም ሌቭ በ2026 መባቻ አገሮቹ ዩሮን ስለ ተቀበሉ ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው «ይህ ገንዘብ በዚህ ምንጭ የለም» ብሎ በግልጽ ይናገር። ዜሮ መመለስ፣ ወይም ባለፈው ወር ያስቀመጠውን ቁጥር ዝም ብሎ ማቅረብ ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው።

ያመጣውን ማስቀመጥ ራሱ ግን መልካም ነው። በቀን አንድ ጊዜ ለሚለወጥ ቁጥር በየደቂቃው ፍራንክፈርትን ማንኳኳት ነውር ነውና፣ የመጣው ፋይል በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጦ አዲስ እስኪወጣ ድረስ ያገልግል። ስንት ቀን ሲሞላው ያረጀ ይባል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በባንኩ የዕረፍት ቀናት ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ ተመን አይወጣም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በስቅለት ዓርብና በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ በጃኑዋሪ 1፣ በሜይ 1፣ በዲሴምበር 25ና 26 እንዲሁ አይወጣም። በፋሲካቸው ሰሞን የሐሙስ ተመን እስከ ማክሰኞ ማታ ይቈያል፤ ይህም አምስት ቀን ነው። ስለዚህ ከአምስት ቀን በላይ የሆነው ቁጥር በዓል ያዘገየው ሊሆን አይችልም፤ ፕሮግራሙ ያን ጊዜ መልስ መስጠት ትቶ ስሕተት መኖሩን ያስታውቅ። ሲያስታውቅም በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ለኮምፒዩተሩ በሚሰጠው የመውጫ ቁጥር ጭምር ነው፤ ዜሮ ከሆነ ሥራው ተፈጽሟል፤ ሌላ ከሆነ አልተፈጸመም። ሰው ባልተገኘበት በሁለት ሰዓት የሚሠራ ፕሮግራም መውደቁን ሌላው ፕሮግራም የሚያውቀው በዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተሠራው አንድ ምንጭ ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ነው። ዕቃውን ከዱባይ የሚያስመጣ ነጋዴ «ተመን ዩሮ ዲርሃም» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ዲርሃም በማዕከላዊ ባንኩ ዝርዝር ውስጥ የለምና። የመጀመሪያው አሳብ የፕሮግራሙን ልብ ከፍቶ «ዲርሃም ከሆነ ግን እንዲህ አድርግ» የሚል መስመር ማስገባት ነው። ይህ የጥፋት መጀመሪያ ነው። ነገ ሌላ «ከሆነ ግን» ይጨመራል፤ በዓመቱ ማንም የማይነካው ክምር ይሆናል፤ ለዲርሃም የተደረገ ለውጥም የየኑን ስሌት ሊያበላሽ ይችላል።

የተሻለው መንገድ «ምንጮች» የሚባል አቃፊ ማዘጋጀት ነው። በዚያ አቃፊ ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል አንድ አምጪ ነው። ፕሮግራሙ በተነሣ ቍጥር አቃፊውን ያያል፤ ያገኘውን አምጪ ሁሉ ስሙንና የሚያውቃቸውን ገንዘቦች ይጠይቃል፤ በመዝገቡም ይጽፋል። ከአምጪዎች የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ አምስት ነገር የያዘ ደረሰኝ። ከየት እንዳመጡት፣ በኤክስኤምኤል ይሁን በሌላ ቅርጽ፣ አስሊው አይጠይቅም። አዲስ ምንጭ ሲያስፈልግ አዲስ ፋይል በአቃፊው ውስጥ ይቀመጣል፤ የቀድሞው አንድ መስመር እንኳ አይነካም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በአቃፊው የገባ ፋይል በኮምፒዩተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም ስለ ሆነ፣ ከማይታወቅ ሰው የመጣ አምጪ በውስጡ አይቀመጥ።

የዲርሃም አምጪ እንግዲህ ከሁሉ አጭሩ ይሆናል። የዲርሃም ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በአንድ ዶላር 3.6725 ሆኖ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ አምጪው ወደ ኢንተርኔት መውጣት እንኳ አያስፈልገውም፤ ያንን ቁጥር ያስረክባል፤ በምንጩም ቦታ «የተወሰነ ተመን» ብሎ ይጽፋል። አስሊው ዩሮውን ወደ ዶላር፣ ዶላሩን ወደ ዲርሃም ያሸጋግራል። በዚያው በ1999 የመጀመሪያ ዕለት ተመን አንድ ዩሮ 4.3295 ዲርሃም ይሆናል። መልሱ ከሁለት ምንጭ የተገጣጠመ ስለ ሆነ አሳዪው ሁለቱንም ምንጮች መጥቀስ አለበት።

ቡና ላኪው ደግሞ በዚሁ አቃፊ የቡና ዋጋ አምጪ ሊጨምር ይችላል፤ የዓለም ባንክ የአረቢካን ዋጋ በየወሩ፣ በኪሎ ግራም በስንት ዶላር እንደ ሆነ ያወጣል። በዚህ ጊዜ ደረሰኙ ስድስተኛ ነገር ይሻል፤ መለኪያውን። የኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ በስንት ሳንቲም ይላል፤ የአገር ውስጥ ነጋዴ በፈረሱላ ያስባል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም፣ አንድ ፓውንድ 0.45359237 ኪሎ ግራም ስለ ሆነ፣ በአንድ ፈረሱላ 37.48 ፓውንድ ያህል አለ። ለምሳሌ በፓውንድ 200 የአሜሪካ ሳንቲም ቢሆን በፈረሱላ 74.96 ዶላር ይሆናል። መለኪያውን ያልጻፈ አምጪ ሳንቲሙን እንደ ዶላር ሊያስቈጥር ይችላል፤ ልዩነቱም የመቶ እጥፍ ነው።

ከምንጮች አንዳንዶቹ ተመዝጋቢውን የሚለዩበት ቁልፍ የሚባል የምሥጢር ጽሑፍ ይሰጣሉ። ይህ ቁልፍ በፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ ፈጽሞ አይጻፍ፤ ፋይሉ ለወዳጅ ሲላክ አብሮ ይሄዳልና። በኮምፒዩተሩ የአካባቢ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ፕሮግራሙ ከዚያ ያንብበው።

አምጪው መልካም መሆኑን ለመፈተን በየጊዜው ወደ ውጭ መላክ አያስፈልግም። የአንድ ቀን ፋይል ይቀመጥና አምጪው ያንኑ እንዲፈታ ይደረጋል፤ የሚጠበቀው መልስ አስቀድሞ በእጅ ተሰልቶ ይጻፋል፤ 113.4363 እና 4.3295 ለዚህ ያገለግላሉ። ከዚያም ፋይሉ በክፉ መልክ ይበላሽ፤ ቀኑ ይጥፋ፤ የዶላሩ መስመር ይሰረዝ፤ በቁጥሩ ቦታ ባዶ ይግባ። በእያንዳንዱ ጊዜ ፕሮግራሙ ስሕተቱን በስሙ ጠርቶ መቆም አለበት። በመጨረሻም የኢንተርኔቱ ገመድ ተነቅሎ ይሞከር።

የቀረው የብሩ አምጪ ነው፤ ነጋዴውም ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው እርሱን ነው። ተመኑን በድረ ገጹ ብቻ የሚያወጣ ባንክ ከሆነ፣ አምጪው ለሰው ዓይን የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ ለማንበብ ይገደዳል። ይህም ከመደረጉ በፊት ባንኩ ገጹ በፕሮግራም እንዲነበብ ይፈቅድ እንደ ሆነ መጠየቅ፣ ኤፒአይ ካለውም በእርሱ መጠቀም ይገባል። በዚህ አምጪ መግዣና መሸጫ ሁለት ደረሰኞች ናቸው። አምጪው ዓምዱን በቦታው ቍጥር ሳይሆን በርእሱ ቃል ይፈልገው፤ ርእሱን ያላገኘ እንደ ሆነም ቁጥር አያስረክብ። መሸጫው ከመግዣው ያነሰ ሆኖ ቢገኝ ዓምዶቹ ተዛውረዋል ማለት ነውና፣ ያን ዕለት ሠራተኛው እንደ ቀድሞው ለባንኩ ስልክ ይደውል።